የመመለሻው ቧንቧ

መስከረም 25 ቀን

ለወንድሜ ልጅ፣ ለዓይኔ ማረፊያ፣

ይህች ወረቀት በደህና ታግኝሽ፤ በደህና አንብቢያት። ፈጣሪ ከክፉ ሁሉ ይጠብቅሽ፤ የረገጥሽው ይለምልም። እኛ ሁላችንም ደህና ነን። አባትሽ ደህና ነው። ባለቤቴም ከወገቧ በቀር ደህና ናት፤ ወገቤን እንዳትጽፍ ብላኝ ነበር፣ ጻፍኩት፣ አሁን አልሰርዘውም።

የዛሬው ጉዳዬ ሌላ ነው። አምና በብርድ ስንንቀጠቀጥ ስለከረምን ዘንድሮ ጓሮ ውስጥ የእንጨት ቦይለር ሠራሁ። በገዛ እጄ፣ እዚሁ ብየዳ ቤቴ፣ ከአሮጌ በርሜልና ከወፍራም ላሜራ። ትልቁ በርሜል ሆድ ውስጥ ትንሹ አለ፤ እሳቱ በትንሹ ውስጥ ይነዳል፣ በሁለቱ መሃል ውሃ አለ። የሞቀውን ውሃ ፓምፕ እየገፋ በቧንቧ ቤት ያስገባዋል፣ በየክፍሉ ባለው የብረት ማሞቂያ፣ በራዲያተሩ፣ ዞሮ ቀዝቀዝ ብሎ ይመለሳል። ጭሱም አመዱም ደጅ ቀረ። የጭስ መውጫው ከጣሪያ በላይ ስለወጣ ሰፈርተኛው «ባቡር ነጂው» እያለ ይጠራኛል።

ችግሩ ባቡሩ ልክ አያውቅም። ለእሳቱ ንፋስ የሚሰጠው ማራገቢያ ካልጠፋ አያቆምም። ትናንት ደንበኛ ይዞኝ ስዘገይ ውሃው ፈልቶ በመተንፈሻው ቱቦ ገነፈለ፤ የተሰጣውን ልብስ ሁሉ በዝገት ውሃ ረጨው። የጎረቤት ልብስ ጭምር ነበር። ባልዲ ይዤ ስሯሯጥ ሰፈሩ ሁሉ አጥር ላይ ተደርድሮ አየኝ፤ መሬት ብትከፈት በገባሁ። አባትሽ በመስኮት ሆኖ «ፍሬን የሌለው መኪና ሠርተህ ሕዝብ ጫንክበት?» አለኝ። ዕድሜውን ሙሉ አውቶቡስ ነድቶ ሌላ ምን ሊል!

አንቺ በዚያ ትልቅ ሆስፒታል ማሞቂያ ክፍል የምትሠሪው ይህንኑ አይደል? ውሃው ሲግል ማራገቢያውን የሚያጠፋ፣ ሲበርድ የሚያበራ ዕቃ ካለ ላኪልኝ። ሌላ የምጠይቅሽ የለኝም። አባትሽ እጁ ስለሚንቀጠቀጥ ነው እንጂ ራሱ ይጽፍልሽ ነበር። ሰላም ብሎሻል።

አጎትሽ

ጥቅምት 14 ቀን

ለተከበሩ አጎቴ፣

የእርስዎን፣ የእትዬንና የአባዬን ጤና አብዝቼ እጠይቃለሁ። የእትዬን ወገብ ሳይሰርዙ ስለላኩልኝ አመሰግናለሁ፤ የሚቀባ ነገር ከዕቃው ጋር አድርጌያለሁ። እኔ ደህና ነኝ።

የፈለጉት ዕቃ ቴርሞስታት ይባላል። ዲግሪ የተጻፈበት የሚዞር እጀታ አለው። ከጀርባው ረጅም ቀጭን የመዳብ ሽቦ ይወጣል፣ ጫፉ እንደ እርሳስ ወፈር ይላል። ሙቀቱን የሚያውቀው ያ ጫፍ ነው። በርሜሉ አናት ላይ፣ ውሃው ውስጥ የሚገባ ታቹ የተደፈነ አጭር ቱቦ ይበይዱለት፤ ትንሽ ዘይት ጨምረው ጫፉን እዚያ ይክተቱት። እባክዎን ከውጭ በሽቦ እንዳያስሩት፤ ነፋሱ ያታልለዋል፣ ውሃው እየፈላ እሱ ገና ነው ይላል። ውሃው ሰማንያ ሲደርስ ማራገቢያው እንዲጠፋ አድርገው ያስተካክሉት። መተንፈሻውን ቱቦ ግን በምንም ምክንያት እንዳይደፍኑት። ልብስ ቢቆሽሽ ይታጠባል።

ሁለት ቴርሞሜትሮችም ልኬያለሁ። አንዱን ከቦይለሩ በሚወጣው ቧንቧ ላይ፣ ሁለተኛውን በመመለሻው ላይ ያድርጉልኝና ያዩትን ይጻፉልኝ። እዚህ ሥራ ስጀምር አለቃዬ መጀመሪያ ያሳዩኝ መመለሻውን ነበር። ቤቱ ምን ያህል ሙቀት እንደወሰደ የሚናገረው የሚመለሰው ውሃ ነው።

አንድ ነገር ሳይጽፉልኝ ቀሩ። ቧንቧው አባዬ ክፍል ይደርሳል?

የወንድምዎ ልጅ

ኅዳር 3 ቀን

ለወንድሜ ልጅ፣

እንደምን ከረምሽልኝ? ዕድሜና ጤና ይስጥሽ፤ ዕቃው ሳይሰበር ደርሷል። ባለቤቴ ቅባቱን ከተቀባች ወዲህ ቀና ብላ ትሰድበኛለች።

እውነቱን ልንገርሽ፣ በመጀመሪያ በሽቦ ከውጭ አሰርኩት። መበየዱ ታከተኝ። በማግስቱ ፈላ። እንደገና ባልዲ፣ እንደገና አጥር ሙሉ ሰው። ከዚያ አፍሬ ውሃውን አፍስሼ እንዳልሽው ቱቦውን በየድኩ። አሁን ሰማንያ ሲደርስ ቀጭ ይልና ማራገቢያው ዝም ይላል፤ ሰባ ሲደርስ እንደገና ቀጭ። ወንበር አውጥቼ ተቀምጬ የማዳምጥበት ጊዜ አለ። ሰው ሳያየኝ ነው እንጂ።

ቁጥሩ ይኸውልሽ፤ ሲወጣ ሰባ አምስት፣ ሲመለስ ሃምሳ።

አባትሽ ክፍል እንዴት አይደርስም! የመጨረሻዋ ክፍል እሷ ናት፤ ቧንቧው ወጥ ቤቱን አልፎ በግቢው ጥግ በመሬት ውስጥ ዞሮ ነው የሚገባላት። ሩቅ ስለሆነች ሙቀቱን ትጠጣዋለች። እንጨቱ ያልቃል፣ እቆርጣለሁ፣ ያልቃል። በቀደም ራት ላይ «ይቺ የጓሮ ክፍል ብቻዋን ግማሹን እንጨት ትበላለች፤ እኛ የምንሞቀው የእሷን ትራፊ ነው» ብዬ ሁሉንም አሳቅኳቸው። አባትሽ ከሁላችን በላይ ሳቀ።

ሰላም ብሎሻል። መቼ ነው የምትመጪው ይላል፤ እኔ አይደለሁም የጠየቅኩት፣ እሱ ነው።

አጎትሽ

ኅዳር 21 ቀን

ለተከበሩ አጎቴ፣

ጤና ይስጥልኝ። ሥራ ስለበዛብኝ ባጭሩ ብጽፍ ይቅር ይበሉኝ።

የሚመለሰው ውሃ ሃምሳ ከሆነ ትንሽ ቀዝቅዟል። ቀዝቃዛ ውሃ ሲመለስበት የእሳቱ ክፍል ያልበዋል፤ ጥላሸትና ዝገት ይበላዋል። ከሃምሳ አምስት ባይወርድ ጥሩ ነው። በመሬት ውስጥ ያለፈውን ቧንቧ ቆፍረው በደንብ ይጠቅልሉት፤ ሙቀቱ አፈር ውስጥ እየቀረ ይሆናል። ይህን ቁጥር ከፍ ያድርጉልኝ።

አባዬ መሳቁን በማንበቤ ደስ አለኝ። ዘንድሮ ለመምጣት አስቤ ነበር፤ ግን አብራኝ የምትሠራው ስለታመመች ፈረቃዋን የምይዘው እኔ ነኝ። በሚቀጥለው ዓመት አይቀርም ይበሉልኝ።

የወንድምዎ ልጅ

ታኅሣሥ 12 ቀን

ለወንድሜ ልጅ፣ ለቤታችን ኩራት፣

ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስ። ብርድ አይንካሽ።

እዚህ ውርጩ በርትቷል። ጠዋት ጠዋት የባልዲው ውሃ አናቱ ላይ መስታወት ይሠራል። እኛ ግን ቤታችን ውስጥ በሹራብ ብቻ ነን! ቁጥሩን አንብቢና ተገረሚ፤ ሲወጣ ሰባ አምስት፣ ሲመለስ ስልሳ ስድስት። ከፍ አድርግ አልሽኝ፣ ከፍ አደረግኩ። እንጨቱም ድሮ ከሚፈጀው ግማሽ ቢሆን ነው። ጎረቤታችን ዳቦ ጋጋሪው መጥቶ ዞሮ ዞሮ አይቶ ለእሱም እንድሠራለት ለምኖኛል። አንድ ቴርሞስታት ብትጨምሪልኝ አልጠላም። ሰዉ «ባቡር ነጂው» ማለቱን ትቶ «መሐንዲሱ» ሊለኝ ጀምሯል።

አባትሽ ደህና ነው። ትንሽ ሳል ቢጤ አለችው፣ የወቅቱ ናት። ሰላም ብሎሻል።

አጎትሽ

ታኅሣሥ 28 ቀን

ለተከበሩ አጎቴ፣

ለሁላችሁም ጤና እመኛለሁ።

የላኩልኝ ቁጥር አልገባኝም። ደጋግሜ አየሁት፤ እንዲያውም አለቃዬን ጠየቅኩ። ደጁ ሲበርድ ቤቱ ብዙ ሙቀት ይወስዳል፤ ስለዚህ ውሃው ከበፊቱ ይበልጥ ቀዝቅዞ መመለስ ነበረበት። የእርስዎ ግን ሞቆ ተመለሰ። እንጨቱም በግማሽ ቀነሰ አሉኝ። ቧንቧ መጠቅለል ይረዳል፣ ግን ይህን ያህል አይረዳም። እኔ የማውቀው አንድ ምክንያት ብቻ ነው። ከክፍሎቹ አንዱ ውሃ አያገኝም።

አጎቴ፣ እባክዎን ይህን ደብዳቤ እንዳነበቡ አባዬ ክፍል ገብተው ራዲያተሩን በእጅዎ ይንኩልኝ። የሚሰማዎትን ብቻ ይጻፉልኝ። ሌላ ዜና አልፈልግም።

የወንድምዎ ልጅ

ጥር 22 ቀን

ለተከበሩ አጎቴ፣

ደህና ናችሁ ወይ? መልስ አልደረሰኝም። ፖስታ ቤት በሄድኩ ቁጥር ሠራተኛዋ ከሩቁ ራሷን ትነቀንቅልኛለች።

ባለፈው የጻፍኩት ቁጣ ከመሰለዎት ይቅርታ። እርስዎን ለመቆጣት የሚያስችል አፍ የለኝም። አባዬ በእርስዎ ጓሮ ክፍል ያለው ለምን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን፣ አንዳችንም አንናገረውም። ቤቱን የሸጠው እኔን ለመላክ ነው። ያን ቀን የቤቱን ቁልፍ ለገዢው ሲሰጥ አጠገቡ ቆሜ ነበር፤ ሻንጣዬ እግሬ ሥር ነበር፤ ዞሮ እንዳያየኝ ፈርቼ ሻንጣውን ስከፍትና ስዘጋ ነበር። ከዚያ ወዲህ አንድም ጊዜ አልመጣሁም። ፈረቃ ነው፣ ፈቃድ ነው እላለሁ። እውነቱ፣ የምገባበት የአባቴ ቤት የለም፤ እንዲኖር ያላደረግሁትም እኔ ነኝ። ቴርሞስታቱን ጠቅልዬ ስልክልዎ የልጅነት ግዴታዬን የተወጣሁ መሰለኝ።

እባክዎን ምንም ይሁን ምን ይጻፉልኝ።

የወንድምዎ ልጅ

ጥር 30 ቀን

ለወንድሜ ልጅ፣

ሰላምታውን በየትኛው አፌ እንደምጀምረው አላውቅም። ደህና ሁኚልኝ።

አባትሽ በሕይወት አለ። ይህን አስቀድሜ መጻፍ አለብኝ። የሳንባ ምች ይዞት ሆስፒታል ተኝቶ ነበር፤ አሁን ወጥቷል፣ ትኩሳቱም ለቆታል።

ሁለቱም ደብዳቤዎችሽ ደርሰውኛል። ሄደህ ንካ አልሽኝ። አልሄድኩም፤ ምክንያቱም ቀድሜ ነክቼው ነበር። ገና ያንን ቁጥር ሳልጽፍልሽ። እንጨቱ አልጎድል ሲለኝ ገርሞኝ ከቦይለሩ ጀምሬ ቧንቧውን እየዳሰስኩ ሄድኩ። ወጥ ቤት ድረስ ያቃጥላል። አባትሽ ፀሐይ ሊሞቅ ደጅ ወጥቶ ስለነበር ክፍሉ ገባሁ። ራዲያተሩ ድንጋይ ነው። በሩ ሥር ያለው የውሃ መዝጊያ ቫልቭ ተጠርቅሟል። አልጋው ላይ ካፖርቱ፣ የድሮ የሥራ ልብሱ፣ ያለው ጨርቅ ሁሉ ተደራርቧል። ማን እንደዘጋው መጠየቅ አላስፈለገኝም። ራት ላይ የቀለድኩት ቀልድ ነው የዘጋው።

ልከፍተው እጄን ቫልቩ ላይ አድርጌ ነበር። በዚያው ቅጽበት ዳቦ ጋጋሪው ከጓሮ ተጣራ። ወጣሁ። የእንጨቱን ክምር እያየ «ይህን ሁሉ ቤት በዚህች ብቻ?» አለኝ። «አዎ» አልኩት። እሷን ቃል ካወጣሁ በኋላ ቫልቩን መክፈት ውሸቴን መክፈት ሆነብኝ። ነገ እከፍታለሁ አልኩ። በነጋታውም እንደዚያው። ላንቺም በኩራት ጻፍኩልሽ። አንቺ ከባሕር ማዶ ሆነሽ ያየሽውን እኔ አጠገቡ ሆኜ ላለማየት ስታገል ከረምኩ።

ደብዳቤሽ ሲመጣ ኪሴ ከትቼ ብየዳ ቤት ገባሁ፤ ቀኑን ሙሉ ምን እንደበየድኩ አላስታውስም። ማታ ሲመሽ ምንም ሳልናገር ቫልቩን ከፈትኩለት። እሱም ምንም ሳይናገር መልሶ ዘጋው። እንዲህ ስንከፍትና ስንዘጋ፣ አንድ ቀን ባለቤቴ ሾርባ ይዛለት ገብታ ወጣችና «ወንድምህ ክፍል ውስጥ ትንፋሽ ይታያል» አለችኝ። ከዚያ በኋላ ሆስፒታል እስክንደርስ አላናገረችኝም። እዚያም ያናገረችው ሐኪሙን ነው።

ሻል ሲለው አልጋው አጠገብ ተቀምጬ ለምን ዘጋኸው አልኩት።

«እንጨቱ ያንተ ነው» አለኝ። «ሞቆኝ ስተኛ አፍራለሁ።»

እኔ የማፍርበትን ልነግረው ሦስት ጊዜ አፌን ከፈትኩ፤ በከፈትኩ ቁጥር ስለ ቦይለሩ ጠየቀኝ። ዝገት ጀመረው ወይ፣ ማራገቢያው ይሠራል ወይ እያለ። አፌን እንድዘጋ እየረዳኝ ነበር። ልነሳ ስል ግን ክንዴን ያዘኝና «ለልጄ እንዳትጽፍላት። ሰው ቤት ተቀምጦ በረደው ብላ እንዳታዝን» አለኝ።

ሰው ቤት ያለው የኔን ቤት ነው። እናታችን አንድ አልጋ ላይ ያሳደገችን ወንድሜ ነው እንዲህ ያለኝ።

የፈለግሽውን ጻፊልኝ። ስድብም ቢሆን አነባለሁ።

አጎትሽ

የካቲት 17 ቀን

ለአጎቴ፣

አባዬ በመዳኑ ፈጣሪ ይመስገን። እትዬን እጅ ነስቻለሁ ይበሉልኝ።

አንድ ደብዳቤ ጽፌ ቀደድኩ። ሁለተኛውንም ቀደድኩ። በመጀመሪያው እርስዎን ሰደብኩ፣ በሁለተኛው ራሴን። ቁጥሩን ከፍ ያድርጉልኝ ያልኩት እኔ ነኝ። ቦይለሩ እንዳይዝግ ስጨነቅ አባዬ ደህና ነው የሚለውን ቃል ግን አንድ ጊዜ አንብቤ አለፍኩት፤ ማለፍ ስለፈለግሁ።

ሥራውን ልንገርዎ፤ ሌላ የምችለው ነገር የለም። የቧንቧውን መስመር ይለውጡት። ከቦይለሩ የሚወጣው ውሃ መጀመሪያ አባዬ ክፍል ይግባ፣ ከዚያ ወደ ትልቁ ቤት ይሂድ። የክፍል ቴርሞስታት ልኬያለሁ፤ እሱን አባዬ ክፍል ግድግዳ ላይ ይስቀሉትና ከፓምፑ ጋር ያገናኙት። ያኔ ፓምፑ የሚታዘዘው ለእሱ ክፍል ይሆናል። የእርስዎ ሳሎን ቢበርድም ባይበርድም አይሰማም። ቫልቩን ፈተው ይጣሉት።

ይህ ሁሉ ተሠርቶ እሱ እጀታውን ዝቅ ካደረገው ግን፣ ለዚያ የሚሆን ዕቃ በእኛ መጋዘን የለም። ሰውን አትፈር የሚል ዕቃ አላውቅም።

የግንቦትን ፈቃድ ጠይቄ ተፈቅዶልኛል። በሚቀጥለው ዓመት አላልኩም። ለአባዬ ይንገሩት፤ የት እንደማርፍ እንዳይጨነቅ ግን ይንገሩልኝ።

የወንድምዎ ልጅ

መጋቢት 6 ቀን

ለወንድሜ ልጅ፣

ጤናሽ ይብዛልኝ፤ መንገድሽ የቀና ይሁን። ስድብ ጠብቄ ሥራ ላክሽልኝ፤ ሥራው ከስድቡ ይከብዳል፣ ይገባኛል።

መሬቱን ቆፍሬ መስመሩን ለወጥኩ። ቫልቩን ቆርጬ ጣልኩት። ዳቦ ጋጋሪውንም ጠርቼ ያን ዕለት የነገርኩህ እንጨት አንድ ክፍል በርዶት የተቆጠበ ነው አልኩት። የማን ክፍል ብሎ አልጠየቀኝም፣ ያውቅ ነበር መሰለኝ። አስብበታለሁ ብሎ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ዳቦ ልገዛ ስገባ ዓይኔን ሳላነሳ ነው የምወጣው። «መሐንዲሱ» የሚለኝም ጠፍቷል።

ቴርሞስታቱን አባትሽ ግድግዳ ላይ ሰቀልኩት። እንደፈራሽው ሆነ። ሃያ ላይ አድርጌ እወጣለሁ፣ ስመለስ አሥር ላይ ነው። እጁ እየተንቀጠቀጠ ነው የሚያዞራት። እጀታዋን ነቀልኩበት፤ ከብየዳ ቤቴ ፒንሳ ወስዶ አዞራት። ባለቤቴ ሁለታችንንም እያየች ምን ዓይነት ወንድማማቾች ናቸው ትላለች።

ከዚያ አልጋዬን ተሸክሜ እሱ ክፍል አስገባሁና በሩ አጠገብ ዘረጋኋት። ምን ልትሠራ ነው አለኝ።

«እዚህ ልተኛ ነው» አልኩት። «ዝቅ ካደረግከው ሁለታችንንም ይበርደናል።»

«ሚስትህስ?»

«እሷ ደስ ብሏታል።»

እውነትም ደስ ብሏት ነበር። እሱ ግን ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። በነጋታው ስነሳ አሥር ላይ ነው፤ አፍንጫዬ ቀልቷል፣ ጉሮሮዬ ከርክሮኛል። ካፖርቴን ለብሼ ሥራ ሄድኩ። በሁለተኛውም ጠዋት እንደዚያው። እያነጠስኩ ወጣሁ። ይሁን፣ ከእሱ ጋር በብርድ ማደር ለኔ የሚገባኝ ነው ብዬ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ስነቃ ልብሱን ገፍፌ ጥዬ አገኘሁት፤ ላብ በላብ ሆኛለሁ። ቀና ብዬ ሳይ አባትሽ በሸሚዝ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጧል፤ ፒንሳዋ ጉልበቱ ላይ ናት። እጀታዋ የነበረችበት ዘንግ ሃያ ሁለት ላይ ደርሷል።

«ምን ሆነህ ነው?» አልኩት።

«ሌሊቱን ስታስል አደርክ» አለኝ። «ትንሽ ሆነህም ደረትህ ብርድ አይችልም ነበር።»

ተነስቼ እንጨት ልጨምር ወጣሁ። ቶሎ አልተመለስኩም፤ የቦይለሩን በር ከፍቼ ከፊቱ ቆሜ ቀረሁ። ጭሱ ነው ዓይኔን ያስለቀሰኝ ብዬ ለባለቤቴ ነግሬያታለሁ፤ ላንቺም እንደዚያው ብዬሻለሁ።

መምጣትሽን ነገርኩት። ካንቺ ደብዳቤ ላይ «ግንቦት» የሚለውን ቃል አሳየኝ ብሎ በጣቱ ነካው። የት ታርፋለች አለኝ። በሩ አጠገብ ያለችውን አልጋ አሳየሁት።

እስክትመጪ ድረስ እኔ እተኛባታለሁ።

አጎትሽ